የአማቴ ሪሞት

የአንድ ሰው ድምፅና መልክ በአሥራ አንድ ቪዲዮ ተቀድቶ እኔ እጅ ላይ ነበር። ሰውየው የሚስቴ አባት ነው፤ ካረፈ ቆይቷል። አሁን ቪዲዮዎቹም የሉም። በቀን አንድ አንድ እያሉ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ አለቁ፤ እኔ ደግሞ በእነዚያ ቀናት ጥርሴን እየፋቅሁ መሥሪያ ቤት እሄድ፣ እየሳቅሁ እመለስ ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። የሚያዝንልኝ ሰው ያናድደኛል። የምጽፈው «ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው አሉ» የሚል ወሬ በሰፈሩ ስለሚዞርና ወሬውን ያስጀመርኩት እኔው ስለሆንኩ ነው።

ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር በሚጠራ መንደር የወረዱ ናቸው። እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ ተማርኩ፤ ንግግሬ ግን የወሎ ሆኖ ቀረ። ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝተኛ ነኝ። ሚስቴ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ የታችኛ ክፍል ልጆችን በራሳቸው ቋንቋ ታስተምራለች። አባቷ ገበያው ዳር አንዲት የስፌት መኪና ዘርግቶ የሚውል ልብስ ሰፊ ነበር። ሽማግሌ ስልክበት «ሰፋሪ ነገ ይነሳል፤ ሲነሳ ልጄን ይዞብኝ ነው» ብሎ ሁለት ዓመት አስጠበቀኝ። እዚሁ ነው የተወለድኩት ብል ማን ሰምቶኝ። በመጨረሻ እሺ ሲል የኒካሁን ጀለቢያ በገዛ እጁ ሰፋልኝ። ትከሻዬ ላይ ጠበበኝ። ሆን ብሎ ነው እላለሁ፤ ሚስቴ አይደለም ትላለች።

የመጨረሻው ክረምት ላይ ሲታመም ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ሚስቴ እሱ ዘንድ ሰነበተች፤ በስልኳም ትቀዳው ጀመር። አልጋው ላይ ተደግፎ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው እያረፈ፣ በርታኛውን ከዐረብኛ እየቀላቀለ ያወጋል። በወጣትነቱ ጨርቅ ሊገዛ ሱዳን ድንበር ላይ ያለችው ኩርሙክ ድረስ በእግሩ ስለ መሄዱ፣ የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና በስንት ፍየል እንደለወጣት፣ ጓሮው ካሉት ማንጎዎች የትኛው የትኛው ልጅ ሲወለድ እንደተተከለ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ቅጂ ሆነ። እኔ በርታኛ የምሰማው ለገበያ የሚበቃ ያህል ነው፤ ወግ ሲሆን ያመልጠኛል። አንድ ቀን ሚስቴ «ዘጠነኛው ላይ ስለ አንተ ያወራል» አለችኝ። «ምን አለ?» ብላት፣ «አብረን ቁጭ ብለን ስናየው እተረጉምልሃለሁ» አለች። «እሺ» አልኩ። ኬብል እየዘረጋሁ ነበር፤ እጄ አልተፈታም። ምን እንዳለ ዛሬም አላውቅም። እሷ ታውቃለች፤ አትነግረኝም።

ኬብሉን ልንገራችሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። መሥሪያ ቤቴ አሮጌ ንብረት በሐራጅ ሲሸጥ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ወሰድኩ። ቤታችን ሁለት ነው፦ እኛ የምንኖርበት ትልቁ ቤትና ግቢው ጥግ ያለው ሰርቪስ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ኢንተርኔቱ ሲመጣ የሚፈለገውን ሁሉ እናወርዳለን፣ ሲሄድ ካወረድነው እናያለን። ዴስክቶፑ መጋዘን ይሆናል፤ ፊልሙ፣ የቱርኩ ድራማ፣ የቁርኣኑ ንባብ፣ የሚስቴ የማስተማሪያ ሥዕሎች፣ የቤተሰቡ ፎቶ በሙሉ እሱ ውስጥ ይቀመጣል። ከሱ ኬብል ወጥቶ በሁለቱም ቤት ቴሌቪዥን ላይ ይደርሳል፤ ለስልክ ደግሞ ዋይፋይ አለ። ከዲሹም ኳስ ይቀዳል። ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ በሪሞት ያሻውን ይመርጣል።

መጀመሪያ ኬብሉን በቀርከሃ ውስጥ አሳልፌ ከትልቁ ቤት እስከ ሰርቪሱ ቀበርኩት። ቀርከሃ የክልላችን ሀብት ነው፣ ለምን ፕላስቲክ እገዛለሁ ብዬ። ሁለት ወር ሳይሞላው ምስጡ ቀርከሃውን ጨርሶ ወደ ኬብሉ ተሻገረ። እዚሁ ምድር ተወልጄ ምስጥን የረሳሁ ብቸኛ ሰው ነኝ። ጎረቤቴ አጥር ላይ ተደግፈው ስቆፍር ሲያዩኝ፣ «ለምስጡ ምሳ እያቀረብክለት ነበር እንዴ?» አሉኝ። ቆፍሬ አወጣሁትና በውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ እንደገና ቀበርኩት። ግድቡ እኛ ክልል ነው፣ መብራቱ የት እንደሚያድር ግን እንጃ ይላል ሰፈሩ፤ ቀልዱ አርጅቷል፣ መብራቱም ልማዱን አልተወም። ስለዚህ ባትሪና ኢንቨርተር ጨመርኩ። ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅ ደግሞ ምንም ሳያጫውት፣ ማንም ሳይነካው አንድ ደቂቃ ያለፈ ስክሪን ራሱን እንዲያጨልም አደረግሁ። ይቺ የደቂቃ ነገር በኋላ ጉድ አፈላች።

ሃርድ ዲስክ ሁለት ገዛሁ። አንዱ ላይ የተጻፈው ያንኑ ጊዜ ሌላው ላይም ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዳለ ይቆያል። በሙያው ቋንቋ «መስታወት» እንለዋለን። ሚስቴን አስቀምጬ አስረዳኋት። «የአባትሽን ቪዲዮ ስልክሽ ላይ ምን ያደርጋል? ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባዋል። እዚህ ሁለት ቦታ ይቀመጣል» አልኳት። አሥራ አንዱን ገለበጥኩ። ስልኳ ሞልቶ ሥራ እያስቸገራት ስለነበር፣ ከስልኩም ከሚሞሪውም ላይ በራሴ እጅ አጸዳሁላት። ስልክሽ ቀለለ አይደል ብያትም ነበር። አዎ፣ አመሰግናለሁ አለችኝ።

ሁሉ ነገር ሠርቶ ሲያልቅ ጎረቤት ተጠርቶ ታየ። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ስሜ ኢንጂነር ሆነ። እኒያ ስለ ምስጡ ያሾፉብኝ ሽማግሌ ሳይቀሩ በሪሞቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ፊልም ሲሻገር አይተው፣ «ወላሂ፣ የተማረ ይግደለኝ» አሉ። እኔም ደስ አለኝ። አባባሉን ያወጣው ሰው ምን አይቶ እንደሆነ ያኔ አላሰብኩም።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ የስክሪኑ ጽሑፍ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። ፕሮግራሙ ነጻ ስለሆነ ቃላቱ በአንድ ተራ ጽሑፍ ውስጥ ተደርድረው ይገኛሉ፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ባዶ ቦታ። ባዶውን የሞላ ሰው የራሱን ቋንቋ ያገኛል። ያን ሰሞን አማቴ እኛ ዘንድ ልትመጣ ነበር፤ ዒዳዋ አልቆ፣ ባሏ የሞተባት አራት ወር ከአሥር ቀን ሞልቶ። ሰርቪሱን ቀለም ቀብተንላታል። እንግሊዝኛ ስለማታውቅ በአማርኛ ላድርግላት ብዬ ተነሳሁ። ከሥራ መልስ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ እየቆየሁ ቃል ሳማርጥ ሰነበትኩ።

ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ አነበበችውና፣ «እናቴ ናት የምታየው። ለምን በቋንቋዋ አታደርገውም? እኔ አለሁ፣ እነግርሃለሁ» አለች።

«በርታኛ ለኮምፒውተር የሚሆን ቃል የለውም» አልኳት።

«አማርኛስ ነበረው?» አለችኝ።

የዚያን ቀን ስንት ቃል ፈጥሬ እንደዋልኩ ታውቃለች። ተቆጣሁ። እናትሽ አማርኛ ማንበብ እየቻለች ለምን ታደክሚኛለሽ አልኳት። ማንበብ ትችላለች፤ እውነት ነው። በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፣ የምስክር ወረቀቷ ዛሬም ሻንጣዋ ውስጥ አለ። ሚስቴ እንደፈለግህ ብላ የተማሪዎቿን ደብተር ልታርም ሄደች፤ እኔም እንደፈለግሁ አደረግሁ።

አማቴ አማርኛ የተማረችው ከፊደል ገበታና ከገበያ ነው። ሴቱንም ወንዱንም በወንድ ትጠራለች፤ ልጇን «እሱ ደክሟል፣ ይተኛ» ትላለች። እኔን ደግሞ አልፎ አልፎ «አንቺ» ትለኛለች፤ መጀመሪያ ሰሞን ይከነክነኝ ነበር፣ በኋላ ለመድኩት፣ እንዲያውም ወደድኩት። እኔ አንቱ እላታለሁ፣ «እማ» ብዬ እጠራታለሁ። ባሏን ስታነሳ ስሙን አትጠራም፤ «የኔ ሰውዬ» ነው የምትለው።

በመጣች በሦስተኛው ቀን ሰርቪሱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጬ የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈትኩላት። የተከናነበችውን ቶቧን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ አስተካከለች፤ ሰውየው በበር የገባ ያህል። እሱ በቪዲዮው ውስጥ ለልጁ ሰላምታ ሲሰጥ አማቴ ጮክ ብላ መለሰችለት። ሚስቴ አለቀሰች። አማቴ አላለቀሰችም። ትንሽ ቆይታ ወደ እኛ ዞረችና፣ «እናንተ ሂድ» አለች። ብቻዋን ማየት ፈልጋለች። በየቀኑ ከዐሱር ስግደት በኋላ ብቻዋን እንድትሆን ተስማማን፤ ማንም ወደ ሰርቪሱ አይሄድም።

ትተናት ከመውጣታችን በፊት ግን ሪሞቱን አስተማርኳት። በነዚህ ቀስቶች ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ሲመርጡ ከታች ቁልፎች ይመጣሉ። እያንዳንዱን በጣቷ ወደ ስክሪኑ እየጠቆመች ፊደል በፊደል አነበበችው። «አ፣ ጫ፣ ው፣ ት። አጫውት።» «ተ፣ መ፣ ለ፣ ስ። ተመለስ።» እኔ አጠገቧ ቆሜ ኮራሁ። የጠቅላላው ሰፈር መሠረተ ትምህርት በኔ የተመረቀ ነበር የመሰለኝ። የመሃሉን ቁልፍም አነበበችው። የመሃሉ ላይ አልቆምኩም። የተጻፈውን ታነባለች፣ ሌላ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋታል አልኩ።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን አለፈ። ሚስቴ «እናቴ ደህና እየሆነች ነው» ትለኝ ጀመር። መብላት ጀመረች፤ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ስትሥቅ ተሰማች። ከዐሱር በኋላ ከሰርቪሱ የሰውየው ድምፅ ይሰማል፤ የኮምፒውተሩ ሳይሆን የሱ የራሱ ድምፅ፣ ሲያስል ሳይቀር። እኔ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ እሰማና ይሄንን የሠራሁት እኔ ነኝ እላለሁ። በዘጠነኛውም ቀን እዚያው ተቀምጬ ነበር ማለት ነው። ስለ እኔ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፤ ያወራው ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ማየት በጀመረች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ አማቴ በሰርቪሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ባሚያ ትከትፋለች።

«ልጄ፣ መቼ ይጀምር?» አለችኝ።

«ምኑ እማ?»

«የኔ ሰውዬ። አለቀ። እንደገና መቼ ይጀምር?»

ሣቅኩ። ድራማ እየተደጋገመ ሲታይ ስለምታውቅ እንደዚያ መስሏት ነው ብዬ ነው። «እማ፣ የርስዎ ሰውዬ ሁልጊዜም አለ፤ ይምጡ ላሳይዎ» ብዬ ገባሁ። የሱን ፎልደር ከፈትኩት። በስክሪኑ መሃል «ምንም የለም» የሚል ጽሑፍ መጣ። እሱንም የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የመሰለኝ ኬብሉ ነው። ምስጥ ነው አልኩ። ሄጄ ዴስክቶፑ ራሱ ላይ አየሁ፤ ባዶ። ሁለተኛው ዲስክ ላይ አየሁ፤ ባዶ። ተመልሼ ድምፄን እንደምንም አለስልሼ፣ እስቲ እንዴት እንደሚያዩ ያሳዩኝ አልኳት። አንድ የቱርክ ድራማ ከፈትኩላት፣ መጨረሻው አካባቢ። ደስ ብሏት ተቀመጠች፤ ፈተና የምታልፍ ተማሪ ናት። ድራማው ሲያልቅ ዝርዝሩ ተመልሶ መጣ፤ ከታች ሦስት ቁልፎች። ጣቷን ዘረጋች። «አ፣ ጥ፣ ፋ» ብላ አነበበችና ተጫነችው። ስክሪኑ «እርግጠኛ ነዎት?» አላት። «አዎ» የሚለውን ተጫነች። ከዚያ ሪሞቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። አንድ ደቂቃ ሞላና ስክሪኑ ጨለመ።

«ቀስ ይላል፣ ግን ይሰማል» አለችኝ ስለ ቴሌቪዥኑ። «እኔ ሁልጊዜ አጥፋ። እናንተ መብራት እንዳይከፍል።»

እንግሊዝኛው ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ አንዱ ማሽኑን የሚያሳርፍ፣ አንዱ ፋይሉን የሚፍቅ። እኔ ለማሽኑ «ዝጋ» ብዬ ጽፌ ሌላ ገጽ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ለፋይሉ ደግሞ «ሰርዝ» ልል አስቤ፣ «ሰርዝ»ን ሐሳብ ለመቀየር ስለተጠቀምኩበት «አጥፋ» አልኩት። መቼ ነው በኛ ቤት ማንም ሰው «ቴሌቪዥኑን ዝጋ» ያለው? እናቴ አላለችም፣ ሚስቴ አትልም፣ እኔም ብል ራሴ እሥቃለሁ። መብራት አጥፋ፣ ቴሌቪዥን አጥፋ፣ ራዲዮ አጥፋ ነው የሚባለው። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር መማር አያስፈልግም፣ አማርኛ መስማት ይበቃል። እሷ የምትሰማውን አማርኛ ነው ያነበበችው። ያልሰማሁት እኔ ነኝ፣ አፌን በአማርኛ የፈታሁት ሰውዬ። ደግሞ ቁልፉ ከሪሞት ላይ እንዲሠራ የፈቀድኩት፣ ፊልም ሲሞላ ከወንበሬ ሳልነሳ ለመፋቅ ነው። ለስንፍናዬ።

እንዴት በየቀኑ አንድ ሲጎድል አላወቀችም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ጠይቄያታለሁ። በሱዳን ቴሌቪዥን የትናንቱ ያልፋል፣ የዛሬው ይመጣል፤ ሁሉም ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይደገማል። እሷ የምታውቀው ቴሌቪዥን እሱ ነው። ባሏ በየቀኑ በአዲስ ወግ ይመጣላታል፤ ሲጨርስ፣ ለኛ አዝና፣ አጥፍታው ትተኛለች። ሲያልቅ ደግሞ ከኩርሙክ መንገድ እንደገና ይጀምርልኛል ብላ ጠብቃለች።

ያን ቀን አልነገርኳትም። «አስተካክለዋለሁ» አልኳት። የተፋቀ ፋይል ላዩ ላይ ሌላ ካልተጻፈበት የሚመለስበት ጊዜ አለ። እኔ ግን በየቀኑ ኳስ እንዲቀዳ አድርጌዋለሁ፤ ያ ሁሉ የኳስ ሰዓት በሰውየው ላይ ተጽፏል። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ቀናት ሙሉ ሞከርኩ። ሆን ብዬ የጣልኩት ድራማ በሙሉ ተመለሰ፤ የጎረቤት ሠርግ ተመለሰ፤ ስሙን እንኳ የማላውቀው ፊልም ተመለሰ። ከእሱ አንድም ቃል አልተመለሰም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው፤ ሰፈሩ ግን በበሩ ሲያልፍ ኢንጂነር ሥራ በዝቶበታል ይለኛል። ለእነሱ ነው ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው ያልኩት።

ለሚስቴ የነገርኳት ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። አልጮኸችም። እጇን በፎጣ አደረቀችና አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ የተማሪ ስም እንደምትጠራ ነበር።

«ስልኬ ላይስ?»

«አጽድቼዋለሁ።»

«ሚሞሪውስ?»

«ፎርማት አድርጌ ቁርኣን ጭኜበታለሁ።»

«ሁለተኛው ዲስክስ? ሁለት ቦታ ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«መስታወት ነው» አልኳት። «እዚህ የተፋቀ እዚያም ያንኑ ጊዜ ይፋቃል።»

«ታዲያ ለምን ሁለት ገዛህ?»

ሙያዬ ነው፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ሁለት ዲስክ የሚበጀው ብረቱ ሲሞት ነው፤ ሰው ሲሳሳት አይበጅም፤ ለዚያ የሚሆን ቅጂ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ይህንን መሥሪያ ቤት ለመጣ ሁሉ እንደ ዳዊት እደግማለሁ። ለሚስቴ ግን የማይረባ ጥያቄ ጠየቅኳት፤ «በርታኛ መብራት ማጥፋት እንዴት ነው የሚባለው? ጽሑፍ መፋቅስ?»

«ያኔ ነበር መጠየቅ» አለች።

ወደ ምድጃው ዞረች። ከዚያ ሳትዞር፣ «እናቴ እሷ እንዳጠፋችው የሚናገር ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። ይህን ብታውቅ በሕይወት አትተርፍም» አለችኝ። «ጥፋቱ ያንተ ነው። አንተው ትነግራታለህ።»

«አንቺ በቋንቋችሁ ብትነግሪያት ይሻል ነበር» አልኩ።

«በተረጎምክበት ቋንቋ ንገራት።»

ጁሙዓ ሰግጄ ስመለስ ነው የገባሁት። አማቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣለች፤ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ሪሞቱን አቧራ እንዳይነካው ብላ በላስቲክ ጠቅልላዋለች። ሚስቴ ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አልገባችም። መንገድ ላይ ስደግመው የመጣሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ማሽን፣ ስለ ዕድሜው፣ ስለ አላህ ውሳኔ። ፊቷን ሳይ ሁሉም ከአእምሮዬ ወጣ። ሰው ሲበድል የሚለውን ብቻ አልኩ፤ በልጅነቴ እናቴ ፊት ተንበርክኬ የምለውን፣ በአማርኛ ለዚህ ያለንን አንድ ቃል።

«እማ፣ አጥፍቻለሁ» አልኳት። «አፉ ይበሉኝ።»

ይቅርታ የሚጠየቅበትን «አፉ» ታውቀዋለች፤ የዐረብኛ ነው፣ የነሱም ነው። ፊቷ ላይ ግርታ መጣ። ወደ ልጇ አየች። ከዚያ አማቴ ነገሩ የገባት መሰለችና ፈገግ አለች፤ በትንሽ ነገር የሚደነግጥ አማች እንዳላት ያኔ ያወቀች ይመስላል።

«ለዚህ ምን አፉ?» አለችኝ። «አንተ አጠፋ፣ አንተ አብራው።»

ላስቲኩን ፈታች፣ ሪሞቱን አነሳችና አቀበለችኝ። ተቀበልኳት።